የተሸናፊዎቹ ካፖርት

ዲሴምበር 20 ቀን 2002 ዓርብ ማታ፣ የአሜሪካው ፎክስ ቴሌቪዥን አንድ የሳይንስ ልብ ወለድ ድራማ ሲያሰናብት ለስንብት ያቀረበው የድራማውን የመጀመሪያ ክፍል ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) «ፋየርፍላይ» ለተባለው ለዚህ ተከታታይ ድራማ የሁለት ሰዓት መክፈቻ ተጽፎለትና ተቀርጾለት ነበር። የጣቢያው ኃላፊዎች ግን ድርጊት አነሰው ብለው ወደ ኋላ ገፉት፤ በምትኩም ሌላ ክፍል በአንድ የሳምንት መጨረሻ በጥድፊያ አስጻፉ። ስለዚህ ተመልካቹ ሰዎቹ እነማን እንደሆኑ፣ ለምን እንደሚሸሹና መንኮራኩራቸው ያንን ስም እንዴት እንዳገኘች የተነገረው ሁሉ ነገር ካበቃ በኋላ ነው። ከተቀረጹት 14 ክፍሎች የተላለፉትም 11 ብቻ ነበሩ።

ጣቢያው ለእርምጃው የሰጠው ምክንያት ቁጥር ነው። ድራማው በአማካይ 4.7 ሚሊዮን ያህል ተመልካች ነበረው፤ በዚያ ዘመን የአሜሪካ ገበያ ይህ እንደ ውድቀት ይቆጠራል። ቁጥሩ የተገኘው ደግሞ የኒልሰን ኩባንያ ወደ 5 ሺህ በሚጠጉ ቤቶች በተከለው መለኪያ ነው፤ ከእነዚህ ቤቶች በመነሣት ከ100 ሚሊዮን በላይ የሆኑት ቤቶች ምን እንደሚያዩ ይገመታል። ናሙና ማጭበርበር አለመሆኑን ስታትስቲክስ የቀመሰ ሁሉ ያውቃል። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው ቆጠራ የሚነግረን ስንት ሰው እንዳየ ነው እንጂ ያየው ሰው ምን ያህል እንደወደደ አይደለም። አንዱ እራቱን እየበላ በግማሽ ዓይኑ ያያል፤ ሌላው ሳምንቱን ሙሉ ዓርብን ሲጠብቅ ይከርማል። በመዝገቡ ላይ ሁለቱም አንድ፣ አንድ ናቸው። የፋየርፍላይ አድናቂዎች ታሪክ በአጭሩ ይህ ሁለተኛው ዓይነት ሰው ራሱን ለማስቆጠር ያደረገው ትግል ነው።

ታሪኩ የሚፈጸመው በ2517 ነው። የሰው ልጅ ምድርን ለቆ በሌላ ፀሐይ ዙሪያ ባሉ ዓለማት ሰፍሯል። መሐል ያሉት ባለጸጋ ዓለማት «አልያንስ» በተባለ መንግሥት ሥር ተሰባስበው፣ ዳር ያሉትን ድሆች ዓለማት በጦር ኃይል አንድ አድርገዋቸዋል። አንድ አንሆንም ብለው የተዋጉት ቡናማ ካፖርት ይለብሱ ነበርና «ብራውንኮት» ተባሉ፤ ተሸነፉም። ከእነርሱ አንዱ የሆነው ሃምሳ አለቃ ማልኮም ሬይኖልድስ (ተዋናዩ ኔታን ፊሊየን ነው) ከጦርነቱ በኋላ አንዲት አሮጌ የጭነት መንኮራኩር ገዝቶ በኮንትሮባንድና በጥቃቅን ስርቆት ይተዳደራል። መንኮራኩሯን የሰየማት ጓዶቹ ባለቁበትና ወገኑ በተሸነፈበት ሸለቆ ስም ነው፤ «ሴሬኒቲ»፣ እርጋታ እንደ ማለት። ድል ያደረገ ሰው የድሉን ቦታ ስም በአደባባይ ይሰቅላል። ይህ ሰው ግን በየማለዳው የሽንፈቱን ስም እየጠራ ሞተር ያስነሣል። ድራማውን ከሌሎች የጠፈር ታሪኮች የለየው፣ በእኔ ግምት፣ ይህ አንድ ውሳኔ ነው።

ደራሲው ጆስ ዊደን ሐሳቡ የመጣለት ማይክል ሻራ ስለ ጌቲስበርግ ውጊያ ከጻፈው ልብ ወለድ መሆኑን ተናግሯል። እንግዲህ ብራውንኮቶቹ የተቀረጹት በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በተሸነፈው በደቡቡ ኮንፌዴሬሽን አምሳል ነው ማለት ነው። እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባናል። ደቡቡ የተዋጋው ባርነትን ለማቆየት ነበር። ዊደን የተሸናፊውን ቁጭት፣ ክብርና አቧራ ወስዶ ባርነቱን አወጣው፤ ከሬይኖልድስ ጎን ተሰልፋ የተዋጋችውንና ምክትሉ የሆነችውን ዞዪንም ጥቁር ተዋናይት ጂና ቶረስ እንድትጫወታት አደረገ። ይህ ብልሃት ነው ወይስ ሽሽት? ሁለቱንም ይመስለኛል። በዚያ ዓለም ሰው ሁሉ በቻይንኛ ይሳደባል፤ ከዘጠኙ ዋና ዋና ተዋንያን መካከል ግን አንድም የእስያ ዝርያ ያለው አለመኖሩ ከዚሁ ሽሽት የሚቆጠር ነው። ቢሆንም «አንድነት በጦር ከጸና በኋላ የተሸነፈው ወገን የት ይኑር? ምን ብሎስ ይኑር?» የሚለው የድራማው ጥያቄ በዚህ ሁሉ አይፈርስም። ለዚህ ድረ ገጽ አንባቢያን ጥያቄውን ማብራራት የሚያስፈልገኝ አይመስለኝም።

አድናቂዎቹ ራሳቸውን ብራውንኮት ብለው መጥራታቸው የሚያስደንቅ አይሆንም። የመሰረዙ ወሬ ሲናፈስ ገንዘብ አዋጥተው በሆሊውዱ የንግድ ጋዜጣ በቫራይቲ ማስታወቂያ አወጡ፤ ዩፒኤን የተባለው ጣቢያ ድራማውን እንዲወስደው ፖስት ካርድ አዘነቡበት። አልወሰደውም። መንገዱ አዲስ አልነበረም። በ1968 የስታር ትሬክ ወዳጆች ከ100 ሺህ በላይ ደብዳቤ ልከው ኤንቢሲን አንድ ተጨማሪ ዓመት አስፈቅደዋል፤ ጣቢያውም ድራማውን ወጣቱ ከቤት በሚወጣበት የዓርብ ማታ ሰዓት ላይ አስቀምጦ በ1969 ዘጋው። እነዚያ ሰዎች ፊልማቸውን ያዩት በዲሴምበር 1979 ነው፤ ከአሥር ዓመት በኋላ።

የፋየርፍላይ ሰዎች ሦስት ዓመት እንኳ አልሞላቸውም። ያሳጠረላቸው ዲቪዲ ነው። ዲሴምበር 9 ቀን 2003 ክፍሎቹ ደራሲው ባሰበው ቅደም ተከተል ተሰድረው፣ ያልተላለፉት ሦስቱም ተጨምረውባቸው ለገበያ ቀረቡ፤ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ቅጂም ተሸጠ። የኒልሰን መለኪያ ያልገባበት ቤት በኪሱ ድምፅ ሰጠ እንበል። የዩኒቨርሳል ስቱዲዮ ኃላፊ ሜሪ ፓረንትም ድራማውን አይተው በፊልሙ ሐሳብ ተስማምተው ነበርና፣ በ2004 ቀረጻው ተጀመረ። ዘጠኙም ተዋንያን ተመለሱ።

ከዚያ የመጨረሻው የጥበቃ ወራት መጣ፤ እኔን ከሁሉ ይበልጥ የሚስበኝም ይህ ነው። ፊልሙ በኤፕሪል 2005 ይወጣል ተብሎ ወደ ሴፕቴምበር 30 ተላለፈ። ስቱዲዮው በዚህ ክፍተት ያላለቀውን ፊልም ለአድናቂዎቹ አስቀድሞ ማሳየት ጀመረ፤ በሜይ መጀመሪያ በ10 ከተሞች፣ ቆይቶ በ20፣ በጁን በ35። ቲኬቱ አንዳንድ ቦታ በደቂቃዎች ውስጥ ያልቅ ነበር። ዩኒቨርሳል ያዘጋጀው መርሐ ግብርም ነበር፤ ጓደኛ የጠራ፣ ወረቀት የለጠፈ፣ ስለ ፊልሙ ያወራ አድናቂ ነጥብ ይመዘገብለታል፣ በነጥቡም ከፊልሙ ጋር የተያያዘ ዕቃ ይሸለማል። ሰዎቹ በገዛ ገንዘባቸው በራሪ ወረቀት አሳተሙ፣ ከነቴአቸው ላይ የመንኮራኩሯን ሥዕል አተሙ፣ የማያውቁትን ሰው በሲኒማ ቤት ደጃፍ እያስቆሙ ሰበኩ። ፍቅር ነበር፤ ግልጽ ደመወዝ የሌለው ሥራም ነበር። በጊዜው ሁለቱን ለመለየት የደከመ አልነበረም።

ፊልሙ ስሙን ከመንኮራኩሯ ወስዶ «ሴሬኒቲ» ተባለ። ባልደረቦቹ ሚራንዳ የተባለች፣ ከካርታ የተፋቀች ዓለም ያገኛሉ። አልያንስ ሕዝቡን ጠብ የማያውቅ ሰላማዊ ለማድረግ በአየሩ ውስጥ ኬሚካል ረጭቶባት ነበር። 30 ሚሊዮን ሰው መጣላትን ብቻ ሳይሆን መሥራትን፣ መናገርን፣ በመጨረሻም መብላትን ትቶ ባለበት ተኝቶ ሞተ፤ ጥቂቶቹ ደግሞ በተቃራኒው አውሬ ሆኑ። የተቀረው ፊልም የዚህን ማስረጃ ቅጂ በሕይወት ይዞ ወደ አንድ ማሰራጫ ጣቢያ ለመድረስ የሚደረግ ሩጫ ነው። በጣቢያ የተሰረዘ ድራማ ተመልሶ ሲመጣ የነገረን ታሪክ የታፈነ ነገርን በግድ ስለ ማሰራጨት ነበር። ሩጫውም ዋጋ ያስከፍላል። መነኩሴ መሳዩ ሰባኪ ቡክ ይሞታል፤ ቀልደኛው አብራሪ ዋሽም መንኮራኩሯን በሰላም ባሳረፈባት ቅጽበት ይገደላል። ዓመታት የጠበቁ ሰዎች የጠበቁትን ሲያገኙ አብረው ያጡት ነገር ይህ ነበር፤ አንዳንዶቹ ዊደንን ለዚህ ይቅር አላሉትም።

ሒሳቡስ? ፊልሙ 39 ሚሊዮን ዶላር ያህል ወጣበት። በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ በአሜሪካ ወደ 10 ሚሊዮን ዶላር፣ በድምሩ በዓለም ዙሪያ ወደ 40 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አስገባ። የማስታወቂያው ወጪና የሲኒማ ቤቶቹ ድርሻ ሲታሰብ ይህ ኪሳራ ነው። ሁለተኛ የሲኒማ ፊልም አልተከተለም። እውነቱን መናገር ካለብን፣ 5 ሺህ ቤቶቹ አልዋሹም ነበር። አድናቂዎቹ ጽኑ ነበሩ፤ ብዙ ግን አልነበሩም፤ ያንኑ ፊልም አራት አምስት ጊዜ ማየታቸው ሲኒማ ቤት ገብቶ የማያውቀውን ሰው አይተካም።

በ2006 የዩኒቨርሳል ጠበቆች በፊልሙ ስም ከነቴና መሰል ዕቃ ይሸጡ ለነበሩ አድናቂዎች ደብዳቤ ላኩ፤ ላለፈውም ጊዜ የፈቃድ ክፍያ ጠየቁ። አድናቂዎቹ የሰጡት መልስ እስከ ዛሬ ያስቀኛል። ለፊልሙ ማስታወቂያ በነጻ የደከሙበትን ሰዓት እርስ በርስ ጠያይቀው ደመሩ፤ ከ28 ሺህ ሰዓት በላይ ሆነ። ለዚህም ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚጠይቅ የክፍያ ሰነድ አዘጋጅተው ለስቱዲዮው አቀረቡ። በ2013 ደግሞ የፎክስ ተራ ሆነ። በድራማው ውስጥ ጄን የተባለው ተኳሽ እናቱ ሠርታ የላከችለትን ብርቱካንማና ቢጫ የክር ቆብ ያደርጋል፤ አድናቂዎችም ቆቡን በእጃቸው እየሠሩ ይሸጡ ነበር። ኩባንያው ሽያጩን አስቆመ። ቆቡ የታየበት ክፍል ፎክስ በ2002 ሳያስተላልፍ ካስቀራቸው ሦስቱ አንዱ ነው።

ዊደን ራሱ ከ2020 ጀምሮ አብረውት የሠሩ ተዋንያን በሥራ ቦታ በደል በይፋ ወቅሰውታል፤ እርሱም ከወቀሳው ብዙውን አስተባብሏል። የአድናቂዎቹ ጉባኤ ግን ከእርሱ የተለየ የራሱ ሕይወት ነበረው። ከ2006 አንስተው ለብዙ ዓመታት በልዩ ልዩ ከተሞች ሲኒማ ቤት እየተከራዩ ሴሬኒቲን አሳይተዋል፤ ገቢውንም በዋናነት የሰጡት ለሴቶች መብት ለሚሟገተው «ኢኳሊቲ ናው» ለተባለ ድርጅት ነው።

ይህንን ስም የእኛ አገር ሰው በሌላ መንገድ ያውቀዋል። ፋየርፍላይ በተጀመረበት በዚያው በ2002 ድርጅቱ አርሲ ውስጥ በ13 ዓመቷ ተጠልፋ የተደፈረች ልጅን ጉዳይ ይዞ ዘመቻ ከፍቶ ነበር። በ1957 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት ነጻ ያደርገው ነበር፤ ይህ ድንጋጌ ከሕግ የወጣው በ2005 ሥራ ላይ በዋለው አዲሱ የወንጀል ሕግ ነው። ልጅቱን የጠለፈው ሰው ተፈርዶበት ሳለ በይግባኝ ስለ ተለቀቀ፣ ኢኳሊቲ ናው ከኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጋር ሆኖ በ2007 ጉዳዩን ለአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብት ኮሚሽን አቀረበ። ኮሚሽኑ በ2015 የኢትዮጵያ መንግሥት ጥፋተኛ ነው ብሎ 150 ሺህ ዶላር ካሳ እንዲከፈላት ወሰነ። የብራውንኮቶቹ ገንዘብ በቀጥታ ለዚህ ክርክር ዋለ ማለቴ አይደለም፤ ድርጅቱ ብዙ ጉዳይና ብዙ ለጋሽ ነበረው። ክርክሩ በኮሚሽኑ ፊት በቆየባቸው በእነዚያ ስምንት ዓመታት ግን በየበጋው ቲኬት እየቆረጡ ዋሽ ሲሞት ለማየት የሚሰበሰቡት ሰዎች ካዋጡለት መካከል ነበሩ፤ አብዛኞቹም አርሲ የሚባል አገር መኖሩን የሰሙ አይመስለኝም።