በዳንጉን መቃብር ያረፈው ማን ነው?

መስከረም 23 ቀን ደቡብ ኮሪያውያን ሥራ ዘግተው የሀገራቸውን ልደት ያከብራሉ። መሥራቹ ዳንጉን ይባላል። አባቱ ከሰማይ የወረደ ልዑል፣ እናቱ ደግሞ ዋሻ ገብታ መራራ ቅጠልና ነጭ ሽንኩርት እየበላች ሴት የሆነች ድብ ናት። ታሪኩን ጽፎ ያቆየው የ13ኛው ክፍለ ዘመን መነኩሴ ኢርየን ነው። በተለመደው አቆጣጠር መንግሥቱ የተመሠረተው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2333 ነው።

ጭቅጭቁ የተነሣው በመቃብሩ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 የሰሜን ኮሪያ ተመራማሪዎች ከፒዮንግያንግ ወጣ ብላ ባለችው ካንግዶንግ አንድ አሮጌ መቃብር ቆፍረው የወንድና የሴት አጥንት አገኘን አሉ። ዕድሜው 5,011 ዓመት ነው፣ ሰውየውም ራሱ ዳንጉን ነው፣ ሴቲቱም ሚስቱ ናት ተባለ። የሰሜን ኮሪያ መሪ ኪም ኢል ሱንግ መቃብሩ በታላቅ ክብር እንደገና እንዲሠራ አዘዙ፤ ፍጻሜውን ግን ሳያዩ በ1994 ሞቱ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ 22 ሜትር ከፍታ ያለው፣ እያንዳንዱ ጎኑ 50 ሜትር የሆነ የድንጋይ ፒራሚድ ቆመ። ድንጋዮቹም ከዓመቱ ጋር እንዲገጥሙ 1,994 ተደረጉ።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። ከ1993 ተነሥተን 5,011 ዓመት ወደ ኋላ ብንቆጥር፣ ሰውየው በትውፊቱ መንግሥቱን ከመሠረተበት ዘመን 700 ዓመት ገደማ ቀድሞ ሞቷል ማለት ነው። ፒዮንግያንግ ለዚህ መልስ አላጣችም፤ የምሥረታውን ዘመን ወደ ኋላ ገፋችው። የመቃብሩ አሠራር ብዙ ዘግይቶ የመጣው የኮጉርዮ መንግሥት ነው፤ ከውስጡም በወርቅ የተለበጠ የነሐስ ዘውድ ቁራጭ ወጥቷል። ለዚህም የኮጉርዮ ሰዎች መቃብሩን አድሰውት ነው የሚል ማብራሪያ ተሰጠ። ከሁሉ የሚከብደው ግን የኢርየን መጽሐፍ ነው፤ በእሱ ትረካ ዳንጉን በመጨረሻ የተራራ መንፈስ ሆነ እንጂ አልተቀበረም።

ያም ሆኖ ቦታውን ራሱን መናቅ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1530 የተጠናቀረ የኮሪያ የመልክዓ ምድር መዝገብ በካንግዶንግ ትልቅ መቃብር እንዳለና ሕዝቡ የዳንጉን እንደሚለው ጽፏል። ጃፓኖች ሀገሪቱን በያዙበት ዘመን ምሁራኖቻቸው ዳንጉንን የመነኮሳት ፈጠራ ሲሉ፣ ኮሪያውያን ስሙን የማንነታቸው መጠጊያ አድርገውት ነበር። እናም ለእኔ ትዝታው እውነተኛና ጥንታዊ ነው፤ አጥንቱ ግን የዳንጉን ነው ብዬ አልቀበልም።

እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ የደቡብ ሰዎች ድንበር ተሻግረው በዚሁ መቃብር ከሰሜን ወንድሞቻቸው ጋር በዓሉን አክብረዋል። በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እጅ የተሠራውን የትግላችን ሐውልት የሚያውቅ አዲስ አበቤ፣ መንግሥት በድንጋይ ሲናገር ድምፁ እንዴት እንደሚገን አይጠፋውም። አጥንቱ እስካሁን በገለልተኛ ባለሙያ አልተመረመረም። ሁለቱም ኮሪያዎች የአንድ አባት ልጆች ነን የሚሉ ከሆነ፣ ፒዮንግያንግ ሣጥኑን ለደቡብም ለውጭም ተመራማሪዎች ትክፈት።