የልብ ድካምና የልብ ምት መዛባት፦ ምልክቶቹ፣ ምርመራውና ሕክምናው

በአዲስ አበባ ጉለሌ ክፍለ ከተማ ከሽሮ ሜዳ ተነሥቶ ወደ እንጦጦ የሚወጣው መንገድ አቀበት ነው። የእንጦጦ ተራራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3 ሺህ ሜትር የሚበልጥ በመሆኑ አየሩ ስስ ነው። ጤነኛ ሰውም ቢሆን ሽቅብ ሲወጣ ትንፋሹ ይፈጥናል፤ ልቡም በኃይል ይመታል። ዳገቱ ብቻ ያደከመው ሰው ግን ጥቂት ዐረፍ ሲል ትንፋሹ ይመለስለታል። ባለፈው ዓመት ሳያርፍ የወጣውን ዳገት ዘንድሮ ሦስት አራት ጊዜ ቆሞ የሚወጣ፣ ሌሊት ትንፋሽ አጥሮት ከመኝታው ብድግ የሚል፣ ማታ ማታ እግሩ አብጦ ጫማው የሚጠብበት ሰው ችግሩ የዳገቱ ሳይሆን የልቡ ሊሆን ይችላል።

ይህን ልዩነት ማወቅ በተለይ ለደገኛ ሕዝብ አስፈላጊ ነው። ዳገት መውጣት፣ ማረስና ሸክም መሸከም የዕለት ተዕለት ኑሮው በመሆኑ ድካሙን በሥራው ወይም በዕድሜው እያሳበበ ይቆያል። ብዙዎች ወደ ጤና ተቋም የሚመጡት ሆድና እግራቸው ካበጠ፣ ተቀምጠው ማደር ከጀመሩ በኋላ ነው። ሕክምና አግኝተው ከተሻላቸው በኋላ ደግሞ መድኃኒቱን “ድኛለሁ” ብለው የሚያቋርጡ አሉ። ዘግይቶ መምጣትና ሕክምናን ማቋረጥ፣ ሁለቱም ሊታከም በሚችል ሕመም ሕይወትን ያሳጣሉ።

የልብ ድካም ምንድን ነው?

በተለምዶ “የልብ ድካም” የሚለው ስም ድንገት ሰውን ለሚጥል ሕመምም ይሰጣል። በሕክምና ቋንቋ ግን ድንገተኛው ሕመም አብዛኛውን ጊዜ የልብ ደም ሥር ሲዘጋ የሚከሰት ሌላ ሕመም ነው። የልብ ድካም ማለት ልብ ሰውነት የሚያስፈልገውን ያህል ደም መግፋት ወይም በሚገባ መቀበል ሲያቅተው የሚፈጠር፣ አብዛኛውን ጊዜ ቀስ በቀስ የሚመጣ ሁኔታ ነው። ልብ አልቆመም፤ ነገር ግን ሥራው ከዐቅሙ በላይ ሆኖበታል።

ልብ ደሙን በሚገባ ሳይገፋ ሲቀር ውኃ ወደ ኋላ ይጠራቀማል። በሳንባ ሲጠራቀም ትንፋሽ ያጥራል፤ ሳልም ይመጣል። በእግር፣ በሆድና በጉበት ሲጠራቀም እብጠት ይከሰታል፤ ምግብም አያስበላም።

የልብ ምት መዛባትስ?

ልብ የሚመታው ራሱ በሚያመነጨው የኤሌክትሪክ ምልክት ነው። ዐዋቂ ሰው ዐረፍ ብሎ ሳለ ልቡ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ይመታል፤ በአንድ ቀን ወደ 100 ሺህ ገደማ ማለት ነው። ምልክቱ የሚመነጭበት ወይም የሚተላለፍበት መንገድ ሲታወክ ምቱ ከልክ በላይ ይፈጥናል፣ ከልክ በላይ ይዘገያል ወይም ሥርዓቱን ያጣል።

በብዛት ከሚታዩት አንዱ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የተባለው ነው። በዚህ ሕመም የላይኞቹ የልብ ክፍሎች በሥርዓት መኮማተር ትተው ይርገበገባሉ። ደም በዚያ ስለሚተኛ ሊረጋ ይችላል። የረጋው ደም ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ያስከትላል፤ ሰውየው በአንድ ጎኑ ሽባ ሊሆን ወይም አንደበቱ ሊያዝ ይችላል።

ሁለቱ ሕመሞች የተያያዙ ናቸው። የደከመ ልብ ይለጠጥና ምቱ ይዛባል፤ ለረዥም ጊዜ በፍጥነት የሚመታ ልብም ይደክማል። ስለዚህ አንዱ ያለበት ሰው ለሌላውም ይመረመራል።

መነሻው ከምን ነው?

በሀገራችን በልጆችና በወጣቶች ላይ ለሚታየው የልብ ድካም ዋነኛ ከሚባሉት ምክንያቶች አንዱ የጉሮሮ ሕመም ነው። በተወሰነ ባክቴሪያ የሚመጣ የጉሮሮ ቁስለት ካልታከመ፣ በተለይ ከ5 እስከ 15 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ፣ ከሳምንታት በኋላ የመገጣጠሚያ እብጠትና ትኩሳት ሊያስከትል ይችላል። ይህ ሕመም የልብ በሮችን፣ ማለትም ቫልቮችን፣ ያጠባል ወይም እንዳይገጥሙ ያደርጋል። ጉዳቱ ከዓመታት በኋላ፣ አንዳንዴም በእርግዝና ወቅት፣ ይገለጣል። ጉሮሮውን የታመመ ልጅ እንጥሉን ቢቆረጥ ከዚህ አይድንም፤ ለመድማትና ለሌላ ኢንፌክሽን ይጋለጣል እንጂ። የሚያድነው በጤና ተቋም ተመርምሮ የሚሰጠው ፔኒሲሊን ወይም ተመሳሳይ መድኃኒት ነው።

በዐዋቂዎች ዘንድ ከፍተኛ የደም ግፊት ዋና ጠንቅ ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱ በጉለሌ የሚገኘው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በ2007 ዓ.ም. ያካሄደው ሀገር አቀፍ ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ዓመት ከሆኑ ሰዎች ከስድስቱ የአንዱ ያህል የደም ግፊት ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። የደም ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ምልክት ስለሌለው ሳይለኩት አይታወቅም። በተደጋጋሚ ተለክቶ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ክትትል ያስፈልገዋል።

ከእነዚህ ሌላ የልብ ደም ሥር መጥበብ፣ የስኳር ሕመም፣ ብዙ አረቄና ሌላ መጠጥ መጠጣት ልብን ይጎዳሉ። አንዳንድ እናቶች በእርግዝና መጨረሻ ወይም ከወለዱ በኋላ ባሉት ወራት ልባቸው ሊደክም ይችላል፤ አራስ ሴት ትንፋሽ ካጠራትና እግሯ ካበጠ “የአራስ ወግ ነው” ተብሎ መታለፍ የለበትም። እንቅርት ያለበት ሰውም እጢው ከልክ በላይ ሆርሞን የሚያመነጭ ከሆነ የልቡ ምት ሊዛባ ይችላል። የደም ማነስ የደከመን ልብ ያባብሳል፤ ጫት ደግሞ የልብ ምትን ያፈጥናል።

በቤት ውስጥ ምን ማስተዋል ይቻላል?

የልብ ድካም ዋና ዋና ምልክቶች የሚከተሉት ናቸው፦

• ቀድሞ በቀላሉ ይሠራ የነበረ ሥራ ትንፋሽ ሲያሳጥር፤
• ያለ ሁለትና ሦስት ትራስ መተኛት ሲያቅት፣ ወይም ሌሊት ትንፋሽ አጥሮ ሲያባንን፤
• ሁለቱም እግሮች አብጠው በጣት ሲጫኗቸው ጎድጉደው ሲቀሩ፤
• በጥቂት ቀናት ውስጥ ክብደት ሲጨምር፣ ሆድ ሲነፋ።

የልብ ምት መዛባት ልብ ድው ድው ሲል፣ ሲዘልል፣ ራስ ሲያዞር ወይም ራስን ሲያስት ይታወቃል። ምንም ሳይሰማ የሚቆይበት ጊዜም አለ። ስለዚህ ምትን መቁጠር ይጠቅማል። አምስት ደቂቃ ዐረፍ ብሎ፣ በአውራ ጣት በኩል ባለው የእጅ አንጓ ላይ ሁለት ጣት አሳርፎ አንድ ሙሉ ደቂቃ መቁጠር ነው። ዐርፈው ሳለ ከ100 በላይ ወይም ከ50 በታች ሆኖ በተደጋጋሚ ከተገኘ፣ ወይም የምቱ ልዩነት አንዴ ረዘም አንዴ አጠር እያለ ሥርዓት ካጣ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ መመርመር ይገባል።

ምርመራው እንዴት ይካሄዳል?

ምርመራው የሚጀምረው በጤና ጣቢያ ነው። ባለሙያው የሕመሙን ታሪክ ይጠይቃል፣ የደም ግፊትና የልብ ምት ይለካል፣ ልብንና ሳንባን ያዳምጣል፣ የአንገት ደም ሥርንና እብጠትን ያያል። ልብ የተጠረጠረበትን ታማሚ ወደ ሆስፒታል ይልካል። በጉለሌ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት ዐቅም የሌላቸውን ወገኖች ለማከም የተቋቋመውና በኋላም የሕክምና ኮሌጅ የሆነው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ከልዩ ልዩ አካባቢዎች ሪፈር የተባሉ ሕሙማንን ይቀበላል። በአማራ ክልል ደግሞ በባሕር ዳር የፈለገ ሕይወትና የጥበበ ግዮን፣ በጎንደር የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች ሪፈር የተባሉ ሕሙማንን ያክማሉ።

በሆስፒታል ከሚደረጉት ምርመራዎች የመጀመሪያው ኢሲጂ ነው። በደረት፣ በእጅና በእግር ላይ በሚለጠፉ ገመዶች የልብን የኤሌክትሪክ ምልክት በወረቀት ይጽፋል፤ አያምም፣ ደቂቃዎች ብቻ ይፈጃል። ምቱ እየመጣ የሚሄድ ከሆነ ለ24 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ በሰውነት ላይ የሚታሰር መቅጃ አለ። ሁለተኛው የልብ አልትራሳውንድ ወይም ኢኮ ነው። ይህ የልብን በሮች፣ የግድግዳውን ውፍረትና የመግፋት ኃይሉን ያሳያል። ጤናማ ልብ በአንድ ምት በግራው ክፍል ካለው ደም ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ይገፋል፤ 40 በመቶና ከዚያ በታች ከሆነ የመግፋት ኃይሉ በግልጽ ቀንሷል። የደረት ራጅ፣ የደም ማነስ፣ የኩላሊትና የእንቅርት እጢ የደም ምርመራዎችም ይታዘዛሉ።

ወደ ሪፈራል ሆስፒታል የሚሄድ ሰው የሪፈር ወረቀቱን፣ የጤና መድኅን መታወቂያውን፣ የቀድሞ ኢሲጂና ኢኮ ውጤቶቹን፣ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶችም ከነማሸጊያቸው ይዞ ቢሄድ ድካምና ወጪ ይቀንሳል።

ሕክምናው

ፉሮሴሚድን የመሳሰሉ የሽንት መድኃኒቶች የተጠራቀመውን ውኃ ስለሚያወጡ ታማሚው በቀናት ውስጥ ይቀልለዋል። አደጋውም እዚህ ላይ ነው፤ እብጠቱ ሲጎድል የዳነ ይመስለዋል። የመግፋት ኃይሉ የቀነሰን ልብ በጊዜ ብዛት የሚጠግኑትና ዕድሜ የሚያረዝሙት ግን እንደ ኢናላፕሪል፣ ካርቬዲሎል ወይም ቢሶፕሮሎል፣ ስፓይሮኖላክቶንና ዳፓግሊፍሎዚን ያሉ መድኃኒቶች ናቸው። የእነዚህ ጥቅም ወዲያው አይታይም፤ መጠናቸውም በሐኪም ቀስ በቀስ ይጨምራል። በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ሕመሙን ከቀድሞው አብሶ ይመልሰዋል።

ምቱ ለተዛባ ሰው ሐኪሙ በመጀመሪያ ፍጥነቱን በመድኃኒት ይገታል። እንደ ሁኔታው በኤሌክትሪክ ንዝረት ምቱን ወደ ሥርዓቱ መመለስ፣ ወይም በደም ሥር በሚገባ ቀጭን ቱቦ የምቱን ጠንቅ ማጥፋት ይቻላል። ምቱ እጅግ ለዘገየና ራሱን ለሚስት ሰው ከቆዳ ሥር የሚቀበር ፔስሜከር ያስፈልገዋል።

ስትሮክን ለመከላከል ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ይታዘዛል። የልብ በሩ በጉሮሮ ሕመም መዘዝ ለጠበበበትና ምቱ ለተዛባበት፣ እንዲሁም ሰው ሠራሽ የብረት ቫልቭ ለተደረገለት ሰው የሚመረጠው ዋርፋሪን ነው። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው አይኤንአር የተባለውን የደም ምርመራ በየጊዜው ማድረግ አለበት፤ መጠኑ ሲያንስ ደም ይረጋል፣ ሲበዛ ያደማል። ጎመን የዋርፋሪንን ኃይል ይቀንሳል። ጎመን መተው አያስፈልግም፤ የሚበላው መጠን ግን ከሳምንት ሳምንት እኩል ይሁን። ጾም ሲገባ ማዕዱ ከተለወጠ ለሐኪም መንገር ይገባል።

ለመውለድ ያሰበች ወይም የጸነሰች ሴት ሳትዘገይ ሐኪሟን ታማክር። ዋርፋሪንና ኢናላፕሪል ፅንስን ሊጎዱ ስለሚችሉ በሐኪም ይለወጣሉ እንጂ በራስ አይቋረጡም።

በሮቻቸው የተጎዱ ልጆችና ወጣቶች ጉዳቱ እንዳይባባስ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ለዓመታት ይወስዳሉ። ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልጋቸውም አሉ። በዶክተር በላይ አበጋዝ መሥራችነት የተጀመረው የሕፃናት ልብ ሕክምና ጥረት ፍሬ አፍርቶ፣ በ2001 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ቅጥር ግቢ የልብ ሕክምና ማዕከል ሥራ ጀምሯል። ይሁንና ለቀዶ ሕክምና ወረፋ ከመጠበቅ በሽታውን በጉሮሮ ሕመምነቱ ማስቀረት እጅግ ይቀላል።

ጨው፣ ጾምና ጸበል

የዓለም ጤና ድርጅት ለዐዋቂ የሚመክረው የጨው መጠን በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ ይህም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ነው። በርበሬና ሽሮ ሲዘጋጁ ጨው ስለሚገባባቸው ወጡ ላይ ሌላ መጨመር አያስፈልግም። ቡና በጨው የሚጠጣ ሰውም ልማዱን ቢተው ይበጀዋል። ለወገብና ለጉልበት ሕመም ከመድኃኒት ቤት የሚገዙት ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ውኃ በሰውነት እንዲጠራቀም ያደርጋሉ፤ ከዋርፋሪን ጋርም ያደማሉ። የልብ ሕመምተኛ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሊወስዳቸው አይገባም።

በጾም ወራት፣ በዐቢይ ጾምም ሆነ በረመዳን፣ የመድኃኒቱን ሰዓት ማስተካከል ይቻል እንደሆነ ሐኪምን አስቀድሞ መጠየቅ እንጂ መድኃኒቱን መዝለል አይገባም። ወደ እንጦጦና ወደ ሌሎች የጸበል ሥፍራዎች የሚሄዱ ምእመናንም መድኃኒታቸውን ይዘው ይሂዱ። የቤተ ክርስቲያን አባቶች የኤችአይቪ መድኃኒትን ከጸበል ጎን ለጎን መውሰድ እንደሚቻል ሲያስተምሩ ቆይተዋል፤ ለልብ ሕመምተኛም ምክሩ ይኸው ነው። ልቡ የደከመ ሰው ብዙ ውኃ በአንድ ጊዜ መጠጣት ሊጎዳው ስለሚችል፣ ጸበሉንም በልክ ቢጠጣ መልካም ነው።

መቼ መቸኮል ይገባል?

ተቀምጦም ትንፋሽ ሲያጥር፣ አረፋ ያለው ወይም ቀላ ያለ አክታ ሲወጣ፣ ደረት ሲያስጨንቅ፣ ራስን ሲያስት፣ ፊት ሲጣመም ወይም አንደበት ሲያዝ ሰዓት ሳይፈጅ ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። እስከዚያው ትንፋሽ ያጠረውን ሰው ቀና አድርጎ ማስቀመጥ፣ እግሩን ዝቅ ማድረግ እንጂ በጀርባ ማስተኛት ወይም ውኃ ማጠጣት አይገባም።

በሕክምና ላይ ያለ ሰው በየማለዳው፣ ከሽንት በኋላና ከቁርስ በፊት፣ ክብደቱን ቢለካ መልካም ነው። በ3 ቀን ውስጥ 2 ኪሎ ከጨመረ ውኃ መጠራቀም ጀምሯልና ቀጠሮውን ሳይጠብቅ ሐኪሙን ይጎብኝ። ሚዛን በሌለበት ቤት ቁርጭምጭሚትን በየማታው በጣት ተጭኖ ማየት ይረዳል። የልብ ሕመምተኛ ሲሻለው መድኃኒቱ እየሠራ ነው ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ማድረግ ያለበትም ሳያቋርጥ መውሰድ ነው።