የሸራ መርከብና የባለ ሞተር መርከብ መንገድ የመልቀቅ ሕግ

የሸራ መርከብ ነፋስ ከሚመጣበት ፊት ለፊት ሊሄድ አይችልም፤ የእንፋሎት መርከብ ግን በወደደው አቅጣጫ ይዞራል። ስለዚህ ብሪታንያና ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1863 የተስማሙበት ደንብ ለሸራው መንገድ የመልቀቁን ግዴታ በእንፋሎቱ ላይ ጣለ። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣውና በ1977 በሥራ ላይ የዋለው ዓለም አቀፍ ስምምነትም ይህንኑ በ18ኛው ደንብ አጽንቷል።

የሸራ ጀልባ ነጂዎች ይህን ፍጹም መብት አድርገው ሲቆጥሩት ይታያል፤ ለጥቂት የዳኑ ግጭቶችም ከዚሁ ይመነጫሉ። ሕጉ ግን በመሠረቱ የሚናገረው ስለ ግዴታ ነው። ሸራው ሌላውን ቀድሞ ሲያልፍ መንገድ የሚለቀው ራሱ ነው፤ በጠባብ መተላለፊያም ከዚያ ውጭ በደኅና ሊሄድ የማይችለውን መርከብ ማሰናከል የለበትም። ሸራውን እንደ ዘረጋ በሞተር ከተጓዘማ የሚቆጠረው ከባለ ሞተሮቹ ጋር ነው። መንገድ የተለቀቀለትም ቢሆን አቅጣጫውንና ፍጥነቱን ይጠብቃል፤ የሌላው ጥረት ብቻውን ግጭቱን የማያስቀርበት ርቀት ላይ ሲደረስ ግን፣ እርሱም የሚበጀውን ሁሉ እንዲያደርግ ይገደዳል።