ፌጦ፦ ቅጠሉ ሰላጣ፣ ዘሩ መድኃኒት

በአውሮፓ ለሰላጣ የሚለቀመው ለጋ ቅጠልና በኢትዮጵያ ደጋማ ገበያዎች በስኒ እየተሰፈረ የሚሸጠው ቀላ ያለ ዘር የአንድ ተክል ሁለት ክፍሎች ናቸው። ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ተክሉን ሌፒዲየም ሳቲቩም ሲል ሰየመው፤ ሳቲቩም በላቲን «የሚዘራ» ማለት ነው። አማርኛ ፌጦ ይለዋል። ሁለቱን ስሞች ጎን ለጎን አስቀምጦ ትርጉሙ ተሟላ ማለት ግን አይቻልም፤ በአማርኛ ፌጦ ሲባል አስቀድሞ የሚታሰበው ዘሩ እንጂ ቅጠሉ፣ ፈዋሽነቱ እንጂ ምግብነቱ አይደለምና።

የቅጠሉ ታሪክ ረጅም ነው። ዜኖፎን ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዓመት ስለ ቂሮስ አስተዳደግ በጻፈው መጽሐፍ፣ የፋርስ ልጆች ወደ ትምህርት ሲሄዱ ከቤታቸው ዳቦና ካርዳሞን ይዘው ይወጡ እንደነበር ይገልጻል። ይህ የግሪክኛ ካርዳሞን ፌጦ ነው፤ ዛሬ ሄል ከሚባለው ቅመም ጋር መምታታት የለበትም። በአካድኛ ሳኽሉ፣ በአራማይክ ታሕሌ የሚሉት ስሞችም ተክሉ በጥንታውያን ሴማውያን ዘንድ የታወቀ እንደነበር ያመለክታሉ። ዓረብኛ ሐብ አርረሻድ ሲለው ደግሞ፣ ሐብ ፍሬ ማለት ስለሆነ፣ እንደ አማርኛ ሁሉ ዘሩን ያስቀድማል።

በኢትዮጵያ ስሙ አንድ ወጥ አይደለም። ትግርኛ ሽንፋዕ ሲለው ኦሮምኛ ሽንፋ ይለዋል፤ የሁለት ቋንቋ ቤተሰቦች ልሳኖች በስሙ ሲቀራረቡ አማርኛ በመካከላቸው ሌላ ቃል ይዞ ቆሟል። እ.ኤ.አ. በ1926 እና በ1927 በኢትዮጵያ የተጓዘው ሩሲያዊው የዕፀዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ ፌጦን የሐበሻ ማእከል ብሎ ከለያቸው አዝርዕት መካከል መድቦታል። በሕዝቡ ዘንድ ዘሩ ተወቅጦ በውሃና በሎሚ ይበጠበጣል፤ ለሆድ ቁርጠት ይጠጣል፣ በፍትፍት ይበላል፣ ለቆዳ ሕመም ይቀባል፣ ለታመመ ከብትም ይሰጣል። ለወባና ለቡዳ የሚወስዱትም አሉ።

የመውቀጡ ተግባር በኬሚስትሪም ትርጉም አለው። ዘሩ ግሉኮሲኖሌት የተባሉ ውሕዶችን ይዟል፤ ሕዋሱ ሲሰበር ሚሮሲኔዝ የተባለው ኢንዛይም ከእነርሱ ጋር ይገናኝና ምላስን የሚያቃጥለው ቅመም ይፈጠራል። በፌጦ ውስጥ ዋናው ቤንዚል አይሶታዮሳያኔት ሲሆን፣ በቤተ ሙከራ የባክቴሪያን እድገት እንደሚገታ ታይቷል። ሙቀት ግን ኢንዛይሙን ያዳክማል፤ ስለዚህ ጥሬው ተወቅጦ የተበጠበጠና የተቀቀለ በውጤታቸው አንድ አይሆኑም።

ለዚህ ልዩነት ማነጻጸሪያ የሚሆን ቅጠል በካምፓላ ገበያዎች ይገኛል። ሉጋንዳ ኤጆብዮ፣ አቾሊ አኬዮ፣ ስዋሂሊ ምጋጋኒ የሚሉት ክሊዮሜ ጂናንድራ ለፌጦ ቤተሰብ የቅርብ ዘመድ ከሆነ ቤተሰብ የሚመደብ ሲሆን፣ እርሱም ግሉኮሲኖሌት አለው። ኤጆብዮ ግን ዘወትር ተቀቅሎ ስለሚበላ በሉጋንዳ ኤንቫ፣ ማለትም ከዋናው ምግብ ጋር የሚቀርብ ማባያ፣ ተብሎ ይመደባል። እንግዲህ ሁለቱ ዕፀዋት በኬሚስትሪ ሲቀራረቡ በቃላት ምደባ የተለያዩት በአዘገጃጀታቸው ነው፤ አንዱ ይወቀጣል፣ ሌላው ይቀቀላል።

«መድኃኒት» የሚለው ቃል ራሱ ጥንቃቄ ይሻል። ከግእዙ ድኅነ፣ ዳነ ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን፣ መዳንን፣ ፈውስንና የሚፈውሰውን ነገር በአንድነት ይይዛል፤ ዕለታዊው አማርኛ ደግሞ የአይጥ መርዝን ሳይቀር የአይጥ መድኃኒት ይላል። ስለዚህ «ፌጦ ለወባ መድኃኒት ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር የልማድ ምስክርነት እንጂ የፈውስ ማረጋገጫ አይደለም። የወባ ሕክምና ዛሬ በአርቴሚሲኒን ላይ የተመሠረተ ነው። ትኩሳት የያዘው ሕፃን በፌጦ ብጥብጥ ተስፋ ቤት ውስጥ ቢቆይ፣ አንድ ቀን የሕይወትና የሞት ልዩነት ሊሆን ይችላል። በአንጻሩ መዝገበ ቃላት ፌጦን «የሰላጣ ቅጠል» ብሎ ቢያልፈው፣ ስለ አወቃቀጡ፣ ስለ መጠኑና ስለ አወሳሰዱ ለዘመናት የተከማቸው እውቀት ከጽሑፍ ውጭ ይቀራል።

ዩጋንዳ እ.ኤ.አ. በ2019 ስለ ባህላዊና ተጓዳኝ ሕክምና ሕግ ካወጣች ወዲህ የዕፀዋት ስሞችን በትክክል መመዝገብ የቋንቋ ምሁራን ብቻ ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል። የሴማዊ ልሳናት ሊቁ ስቴፋን ስትሬልሲን እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጣው የኢትዮጵያ ዕፀዋት ጥናት በርእሱ ላይ ስሞችንና አገልግሎቶችን በአንድነት አስቀምጧል። በዚያው መንገድ ለሚዘጋጅ የመዝገበ ቃላት ምዕራፍ አራት ነገሮች ሊጓደሉ አይገባም፦ ስሙ፣ የሚወሰደው የተክሉ ክፍል፣ የሚዘጋጅበት ግሥ፣ እንዲሁም ተናጋሪው «መድኃኒት» ሲል ማለት የፈለገው።