የሐረጎ ቁልቁለትና የፍሬን ሙቀት ፈተና

ከደሴ ኮምቦልቻ ያለው መንገድ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ በሐረጎ በኩል ግን 600 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል። ሰኞ ገበያ ውሎ የሚመለሰው ሕዝብ፣ ተሳቢ የጫነ መኪናና የጦር ካሚዮን የሚገናኙት በዚሁ ጠመዝማዛ ላይ ነው።

የተበላሸ ታንክ በሎቤድ ሲጓጓዝ ትልቁ ጣጣ ከዳገቱ ይልቅ ቁልቁለቱ ነው። ሂሳቡን እንመልከት። ቲ-55 ታንክ 36 ቶን ይመዝናል። ጎታቹና ተሳቢው 24 ቶን ናቸው ብንል ድምሩ 60 ቶን ይሆናል። ይህ ክብደት 600 ሜትር ሲወርድ የሚወጣው ሙቀት አምስት በርሜል፣ ማለትም 1 ሺህ ሊትር ያህል ውሃ ያፈላል። ከፊሉን ሞተሩ ይይዝለታል። ሾፌሩ በከባድ ማርሽ ካልወረደ ግን አብዛኛው የሚያርፈው ታምቡሩና የፍሬን ሸራው ላይ ነው። ታምቡር ሲግል ይሰፋል፣ ከሸራው ይርቃል፤ ሸራውም የመያዝ ኃይሉ ይደክማል። «ፍሬን በጠሰ» የምንለው ብዙ ጊዜ ምንም ሳይበጠስ ነው።

በ1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ ፍሬኑ የሰው ክንድ ነበር። ዛሬ ሙቀቱን የሚሸከም መሣሪያ አለ፦ ሪታርደር፣ የሞተር ፍሬን፣ ሙቀት የሚችል ሸራ። ጥያቄው የት ተፈተነ የሚለው ነው። ለሲቪል ተሽከርካሪዎች የወጣው የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 13፣ ሙሉ ጭነት የያዘ ከባድ መኪና በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር፣ 6 በመቶ ቁልቁለት ላይ፣ ለ6 ኪሎ ሜትር የሚወርድ ያህል እንዲፈተን ያዛል። ከዚያ ፍሬኑ እንደጋለ የማቆም አቅሙ ይለካል። ፈተናው እንግዲህ የ360 ሜትር መውረድ ነው፤ የእኛው ቁልቁለት ከዚያ አንድ ተኩል እጥፍ በላይ ነው። የምስክር ወረቀት እንደ ማንኛውም ምስክር ያየውን ብቻ ነው የሚናገረው።

ስለዚህ ገዢው፣ መከላከያም ሆነ የግል ትራንስፖርት፣ በውሉ ላይ ፈተናው ሙሉ ጭነት ይዞ እዚሁ ሐረጎ ላይ ይደረግ ብሎ ቢያስገባ መብቱ ነው። በየኪሎ ሜትሩ የእያንዳንዱ ታምቡር ሙቀት ይመዝገብ፤ አንዱ ከሌሎቹ በጣም ከጋለ ማስተካከያው ተዛብቷል ማለት ነው። ኮምቦልቻ ሲደረስም ረዳቱ በባልዲ ውሃ እንዳይደፋበት፤ የጋለ ታምቡር ድንገት ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል።