መሃል መንገድ ላይ የቀረ ጊታሪስት

ጉቴን ለማታውቁ፦ ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ ነቀምቴ ልትገቡ ጥቂት ሲቀራችሁ የምታልፏት የዋዩ ቱቃ ወረዳ ከተማ ናት። ባለፈው ክረምት ዘመድ ልጠይቅ ሄጄ እዚያ አንድ ወጣት አገኘሁ። ጊታር የለመደው ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ነው። ግማሹን በአፋን ኦሮሞ፣ ግማሹን በአማርኛ ስናወራ ቆይተን እንዲህ አለኝ፦ «ጋሼ፣ ኮርዶቹን አውቃለሁ። የብሉዝ ስኬል የሚሉትንም ከላይ እስከ ታች እሮጥበታለሁ። ግን ስጫወተው ሙዚቃ አይሆንልኝም። ከዚህ በኋላ ከየት ነው የምማረው?»

ጥያቄው ተራ ይመስላል። እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሳሰላስለው አደርኩ፤ ምክንያቱም ከሠላሳ ዓመት በፊት እኔም ነቀምቴ ላይ ይህንኑ ጠይቄ መልስ አላገኘሁም።

ጀማሪ ዕድለኛ ነው፤ ሦስት ኮርድ የሚያሳየው ሰው በየሰፈሩ አለ። የበቃውም ዕድለኛ ነው፤ ባንዶች ይፈልጉታል። የሚረሳው መሃል ያለው ነው። ብሉዝ ደግሞ በተለይ መሃል ላይ ያታልላል። ወረቀት ላይ አሥራ ሁለት ባር፣ ሦስት ኮርድ፣ አምስት ኖታ ነው። በሳምንት ይሸመደዳል፤ እጅ ውስጥ ለመግባት ግን ዓመታት ይፈጃል።

ቢ.ቢ. ኪንግን እንውሰድ። የሚሲሲፒ የጥጥ እርሻ ልጅ ነበር። በፖስታ ባዘዘው የመማሪያ መጽሐፍ ጀመረ። መጽሐፉ ግን ከተወሰነ ቦታ በላይ አላስኬደውም። የእናቱ ዘመድ የነበረው ቡካ ዋይት ጣቱ ላይ ባጠለቀው ነገር ክሩን እያንሸራተተ ጊታሩን ያስለቅስ ነበር። ቢ.ቢ. ይህን ሊቀዳ ሞክሮ አልሆነለትም። አልሆን ሲለው ባዶ ጣቱን ክሩ ላይ ማርገብገብ ጀመረ። ዓለም በአንድ ኖታ የሚለየው ያ ድምፅ የመጣው ሰው ልኮርጅ ብሎ ካቃተው ልጅ ነው።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ ዘመናዊ ሙዚቃችን በኖታ የተማረው በነፋስ መሣሪያ በኩል ነው። በ1924 እ.ኤ.አ. ከኢየሩሳሌም የመጡት አርባዎቹ የአርመን ልጆችና መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን፣ በኋላም የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች መለከቱን ከነወረቀቱ አስተማሩን። የኤሌክትሪክ ጊታር ግን በሌላ በር ገባ። አንዱ በር አስመራ የነበረው የአሜሪካኖች የቃኘው ጣቢያ ነው፤ ሬዲዮውና ክበቦቹ ሶሉንና ብሉዙን ለከተማው ወጣት ያሰሙ ነበር። ያ ትውልድ ከወረቀት ይልቅ በጆሮው ለቀመ።

ከዚያ ትውልድ አንዱ በአይቤክስ፣ በኋላም በሮሃ ባንድ ጊታር የምናውቀው ሰላም ሥዩም ነው። ብዙዎቻችሁ ስሙን ሳታውቁ ጣቱን ታውቁታላችሁ፤ ሮሃ ያጀባቸው ካሴቶች ከሁለት መቶ በላይ ናቸው ይባላል። ይህ ሰው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ተምሮ በ1988 እ.ኤ.አ. የመመረቂያ ጽሑፉን የሠራው በኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ አመጣጥ ላይ ነው። ክብር ይገባዋል። እኔ ግን ስስት ይዞኝ ሁልጊዜ ሌላም ጽሑፍ እመኛለሁ፤ ጣቱ እዚያ ኖታ ላይ ለምን እንዳረፈ የሚነግረኝን።

እኛስ ነቀምቴ ላይ ምን ነበረን? ካሴት። በደርግ የመጨረሻ ዓመታት አራት ሰከንድ አሰምተን እናቆማለን፣ ጊታሩ ላይ እንፈልጋለን፣ በእስክሪብቶ አጠንጥነን እንደገና። ባትሪው ሲደክም ቴፑ ይጎተታል፤ ድምፁም ይወርዳል። ሌላው ሰው ሲናደድ እኛ ደስ ይለን ነበር፤ ፈጣኑ ሶሎ የሚሰማን ያኔ ነው! ጊታሩን በድምፁ ልክ ዝቅ አድርገን መቃኘት ብቻ ነበር። ለካ አሜሪካና እንግሊዝ ያሉ ልጆችም የሸክላውን ፍጥነት እየቀነሱ ያንኑ ያደርጉ ኖሯል። ጊታሩ የቀበሌው ኪነት ንብረት ስለነበር ቁልፉን የያዘውን ሰው መለማመጥ ነበረብን። ካሴቱ ያላስተማረኝን ያስተማረኝም እሱ ነው፤ ቆሞ ሰምቶ «እዚህ ጋ ዝም በል» ይለኝ ነበር።

ያኔ ማንም ያልነገረኝን ግን ለጉቴው ልጅ ነገርኩት። ባቲ ማይነር የምንለውን ቅኝት ከላ ብትጀምረው ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል ነው። የብሉዝ ጊታሪስት መጀመሪያ የሚማረው ማይነር ፔንታቶኒክም ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል ነው። ያው ነው! ልጁ ከእናቱ ጀርባ ሆኖ የሰማውን ነው በባዕድ ስም እየሸመደደ ያለው። ልዩነቱ ያለው ከሥር ነው። በብሉዝ አምስቱ ኖታዎች ሳይነቃነቁ ኮርዱ ከላ ወደ ሬ፣ ከዚያ ወደ ሚ ይሄዳል። ስኬሉ ላይ የሚሮጥ ሰው ሙዚቃ የማይሆንለት ይህን መሄድ ስለማይሰማ ነው። የላ ኮርድ ላይ ዶን ትንሽ ገፍቶ ወደ ዶ ሻርፕ ማስጠጋት፣ ሬ ላይ ፋ ሻርፕን፣ ሚ ላይ ሶል ሻርፕን ፈልጎ ማረፍ፤ የመሃለኛው ተማሪ የስድስት ወር ሥራ ይኸው ነው።

«ኢንተርኔት ላይ ሁሉም አለ» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ጀስቲን ሳንደርኮ የሚባለው አውስትራሊያዊ የሚሰጠው ነፃ ትምህርት ብሉዝንም ይጨምራል፤ እኔም ለልጁ ጠቁሜዋለሁ። ግን እንግሊዝኛና ዳታ ይፈልጋል። ወለጋ ደግሞ ኔትወርክ ምን እንደሆነ ታውቃለች። በ2012 ዓ.ም. ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ መጋቢት ኢንተርኔቱም ስልኩም ተዘግቶ ነበር። በሰኔ ሃጫሉ ሲገደል ደግሞ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ጠፋ። ልጁ በዚያ ሦስት ወር ሚሞሪ ካርዱ ላይ የነበሩት ሦስት ቪዲዮዎች ብቻ ነበሩ። ዛሬ አሳምሮ የሚጫወተው እነዚያን ሦስቱን ነው። መዘጋቱን ላመሰግን አይደለም፤ ስንት እናት የልጇን ድምፅ ሳትሰማ ከረመች። ስልኩ ላይ ያልወረደ ትምህርት የእሱ እንዳልሆነ ግን ልጁ ያኔ ገብቶታል።

ትምህርት ቤቶቹስ? ያሬድም፣ የመካነ ኢየሱስ የጃዝ ትምህርት ቤትም ያሉት ከሦስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው አዲስ አበባ ነው። እዚህ ያለው የመዘምራን ቡድን ነው፤ እሱ ደግሞ የሚፈልገው ሪትም መቺ ነው፣ እዚያው ላይ ያስቀርሃል። የሚያሳዝነኝ ይህ የሆነው የትም ሳይሆን ወለጋ ላይ መሆኑ ነው። መጽሐፍ ቅዱስን በአፋን ኦሮሞ በ1899 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ኦነሲሞስ ነሲብ ከዚያ በፊት የመዝሙር መጽሐፍ አዘጋጅቶ ነበር። በ1904 ነቀምቴ ገብቶ ትምህርት ቤት ከፈተ። ዜማ በሰው ቋንቋ ወረቀት ላይ መስፈር አለበት ያለ ሰው የኖረባት ከተማ ናት። ለመሃለኛ ጊታሪስት ግን በአማርኛም ሆነ በአፋን ኦሮሞ የተጻፈ ነገር ፈልጌ እስካሁን እጄ አልገባም። ከእናንተ መካከል የሚጫወት ካለ አንድ ሶሎ መርጦ፣ ጣት በጣት በራሱ ቋንቋ እየተናገረ በስልክ ይቅረጸውና ይላክልኝ። ቪዲዮ አያስፈልግም፤ ድምፅ ይበቃል፣ ሚሞሪ ላይም ብዙ ቦታ አይዝም።

በማግስቱ በረንዳው ላይ ተቀመጥን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ሦስቱን ኮርዶች ቀስ ብዬ መትቼ ስልኩ ላይ ቀዳሁለትና «አሁን ስኬሉን እርሳው፣ ባቲ ተጫወት» አልኩት። ሁለት ዙር ሮጠ። በሦስተኛው ኮርዱ ወደ ሬ ሲሄድ ጣቱን አቆመ፣ ዝም አለ፣ ፋ ሻርፕን ፈልጎ አገኛት። ቀና ብሎ አየኝና «እንደገና ክፈተው» አለኝ።