የእንዶድ ፍሬ አዘገጃጀት፦ ከሙቀጫ እስከ ቤተ ሙከራ

የመድኃኒት ዕፀዋትን በማዘጋጀት ሥራ የተሠማራ ሁሉ የሚከተለው አንድ የታወቀ ሕግ አለ፤ ይኸውም ቅጠሉ ወይም ፍሬው እንደተለቀመ በውስጡ ያለውን ኢንዛይም በቶሎ ከሥራ ማገድ ነው። ለልብ ሕመም መድኃኒት የሚወጣበት የዲጂታሊስ ቅጠል ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በማይበልጥ ሙቀት ፈጥኖ የሚደርቀው፣ ከደረቀም በኋላ እርጥበት በማይገባበት ዕቃ ተከድኖ የሚቀመጠው ኢንዛይሙ መድኃኒቱን እንዳያፈራርሰው ነው። የእንዶድ ታሪክ ግን የዚህ ሕግ ተቃራኒ ነው። ምክንያቱ በኬሚስቶች ዘንድ ተጣርቶ እስኪታወቅ ድረስም 20 ዓመት ያህል ፈጅቷል።

እንዶድ በአገራችን ደጋና ወይና ደጋ በየአጥሩ ሥርና በየወንዙ ዳር የሚበቅል ቁጥቋጦ ነው። እናቶች ፍሬውን ለቅመው ያደርቁታል፤ በሙቀጫ ወቅጠው በቀዝቃዛ ውሃ ይበጠብጡታል፤ በሚወጣውም አረፋ ነጠላና ጋቢ ያጥቡበታል። ሳሙና በየሱቁ ከተዳረሰ በኋላ እንኳ ለነጭ ልብስ እንዶድን የሚመርጡ ጥቂቶች አልነበሩም።

በ1964 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ወጣቱ ሳይንቲስት ዶክተር አክሊሉ ለማ የቢልሃርዚያን በሽታ ለማጥናት ዐድዋ ወርደው ነበር። የቢልሃርዚያ ትል ከሰው ወደ ሰው ለመተላለፍ በውሃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ ገላ ማለፍ ግድ ይሆንበታል፤ ስለዚህ ቀንድ አውጣውን ያጠፋ የበሽታውን መንገድ ቆረጠ ማለት ነው። ዶክተር አክሊሉ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ተንሳፈው አዩ። ከሴቶቹ አንዷን ለምነው ከአረፋው ጥቂት በሕይወት ካሉ ቀንድ አውጣዎች ላይ አስጨመሩ፤ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ።

በዚያን ዘመን ለዚሁ ተግባር ይውል የነበረው ባይሉሳይድ የተባለ የጀርመን ኬሚካል በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነበር። እንዶድ ግን በሽታው ባለበት አገር ይበቅላል። ከ1969 ጀምሮ በዐድዋ ለ5 ዓመት በተካሄደው ሙከራ ከአካባቢው የተለቀመ ፍሬ በወንዞቹ ላይ ተረጨ። ከ1 እስከ 5 ዓመት ዕድሜ ባላቸው ሕፃናት ዘንድ የበሽታው ስርጭት ከመቶ 50 ወደ 7 ዝቅ አለ። ፋብሪካ ሳይቆም የተገኘ ውጤት ነው።

ሆኖም የፋብሪካው ሐሳብ መምጣቱ አልቀረም። ደቃቅ ዱቄት ወደ ውጭ አይላክም፤ መጠኑም ከፍሬ ፍሬ ይለያያል። ስለዚህ ዶክተር አክሊሉና በካሊፎርኒያ የስታንፎርድ የምርምር ተቋም ባለሙያዎች ኃይለኛውን ክፍል ለይቶ ማውጣት ያዙ። በቡታኖል ተለይቶ የወጣው ክፍል ኃይሉ ከፍ እንደሚል በ1972 ታትሞ ወጣ። ገዳዩ ንጥረ ነገር የሳፖኒን ወገን መሆኑ ተረጋገጠና ከሳፖኒኖቹ አንዱ በተመራማሪው ስም ለማቶክሲን ተባለ።

እንቆቅልሹ የመጣው ከአሟሚው ምርጫ ነው። ፍሬው በሜታኖል ሲዘፈዘፍ የሚወጣው ሳፖኒን ብዙ ሆኖ ሳለ ቀንድ አውጣን አይገድልም፤ በውሃ ሲዘፈዘፍ የሚወጣው ግን ይገድላል። በኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ውሃ ብዙ ጊዜ የሚናቅ አሟሚ ነውና ነገሩ ለማመን የሚያስቸግር ነበር። በ1984 በስዊስ አገር በሎዛን የሚሠሩት ዶሞንና ሆስቴትማን ምክንያቱን አብራሩ። በደረሰው ፍሬ ውስጥ ያለው ሳፖኒን በሁለት ወገን የስኳር ሰንሰለት የተንጠለጠለበት ነው፤ በዚህ መልኩ ሳለም ጉዳት የለውም። ፍሬው ሲወቀጥና በውሃ ሲርስ ግን ኢንዛይሙና ሳፖኒኑ ይገናኛሉ። ኢንዛይሙ ከሁለቱ ሰንሰለቶች አንዱን ቆርጦ ይጥላል፤ መርዙም ያን ጊዜ ይወለዳል። ሜታኖል ኢንዛይሙን ስለሚያመክነው ሥራው ገና ሳይጀመር ያከትማል። እንግዲህ መርዙ በፍሬው ውስጥ ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ ሳይሆን በአዘገጃጀቱ የሚፈጠር ነው። ለመሐንዲስ ዐይን ሙቀጫው ወፍጮ፣ ውሃ የተሞላው ገንቦም የኬሚካል ለውጥ የሚካሄድበት ጋን ነው። እናቶች የኢንዛይሙን ስም ባያውቁም የሚያሠራውን ሁኔታ ግን አሟልተውለት ኖረዋል።

የአለቃቀሙም ጉዳይ ቀላል አይደለም። ፍሬው ሳይበስል አረንጓዴ ሆኖ ሲለቀም ኃይሉ ይበረታል፤ ቀልቶ ከበሰለ በኋላ ይቀንሳል፤ ወፎችም ይሻሙበታል። የተክሉ ዐይነትም ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስና ባልደረቦቻቸው ከልዩ ልዩ ሥፍራ የተሰበሰቡ ዝርያዎችን ጎን ለጎን አብቅለው አወዳደሩ። ከእነዚህም ውስጥ ‹‹ዐይነት 44›› የሚባለው ለምርቱና ለኃይሉ ተመረጠ። በ1989 ዶክተር አክሊሉና ዶክተር ለገሠ ‹‹ራይት ላይቭሊሁድ›› የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት በጋራ ተቀበሉ። ዶክተር አክሊሉ በ1997 ዐረፉ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመሠረቱት የፓቶባዮሎጂ ተቋምም በስማቸው ተሰይሟል።

እንዶድ ጉድለት የለውም ማለት አይደለም። ዓሣን ይገድላል፤ የቀንድ አውጣን ዕንቁላል ግን እምብዛም አይጎዳውም። በዚህ ምክንያት ዕንቁላሉ ሲፈለፈል ርጭቱን መድገም ያስፈልጋል። አቀማመጡን በተመለከተ፣ በሚገባ የደረቀ ፍሬ እርጥበት ካልነካው ኃይሉን ይዞ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። የተበጠበጠው ፈሳሽ ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ ይፈራርሳል። ለወንዙ ይህ ደግ ነገር ነው፤ ለዕቃ ቤት ኃላፊ ግን ችግር ነው። ስለዚህ ወደ ጎተራ መግባት ያለበት ደረቁ ፍሬ ሲሆን፣ መወቀጥ ያለበትም ለዕለቱ ርጭት የሚበቃው ያህል ብቻ ነው።